በማንዋል ኤምኤክስ-5 ላይ ሲኩዌንሺያል የማርሽ መቀየሪያ አገጣጠም

ሞተር ሳይክል ነድቶ የሚያውቅ ሰው ሲኩዌንሺያል ማርሽ ምን እንደሆነ ያውቃል። ማርሹ በተራ ነው የሚመጣው፤ ከአንድ ሁለት፣ ከሁለት ሦስት፣ ሲወርድም አንድ በአንድ። መዝለል የለም። ይህንኑ አካሄድ ተራ ማንዋል ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ላይ የሚያመጣ፣ ከላይ በብሎን የሚታሰር መቀየሪያ ገበያ ላይ አለ። የጃፓኑ ኢኬያ ፎርሙላ በኋላ ጎማ ለሚነዱ የጃፓን ስፖርት መኪኖች የሠራቸው በተለይ ይታወቃሉ። እዚህ የማሳየው በማዝዳ ኤምኤክስ-5 ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2005 በተሠሩት ሁለቱ የመጀመሪያ ትውልዶች፣ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ባላቸው። አሜሪካ ያላችሁ ሚያታ ትሉታላችሁ፤ ከጃፓን በቀጥታ በወጣው የመጀመሪያ ትውልድ ላይ ደግሞ ዩኖስ ሮድስተር የሚል ስም ታገኛላችሁ።

ይህን መኪና የመረጥኩት ለሥራው ስለሚመች ነው። የማርሽ ዘንጉ በቀጥታ ካምቢዮው ላይ ቆሟል፤ መሃል ላይ ገመድም ሆነ ረጅም ማገናኛ የለም። ሥራው ሁሉ ማለት ይቻላል ከመኪናው ውስጥ፣ ከላይ ሆኖ ይሠራል። ካምቢዮ ማውረድ አያስፈልግም።

መቀየሪያው ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም

በፋብሪካው አሠራር ማርሾቹ በሦስት መስመር ተደርድረዋል፦ አንድና ሁለት በግራ፣ ሦስትና አራት በመሃል፣ አምስትና የኋላ ማርሽ በቀኝ። እጃችሁ ሁለት ሥራ ይሠራል። ወደ ጎን ሲሄድ መስመር ይመርጣል፤ ወደፊትና ወደኋላ ሲሄድ ማርሹን ያስገባል። ከአንድ ወደ ሁለት ቀጥታ መሳብ ነው። ከሁለት ወደ ሦስት ግን መጀመሪያ ወደ ፎሌ (ማርሽ ያልገባበት ቦታ) መመለስ፣ ወደ ቀኝ መሻገር፣ ከዚያ ወደፊት መግፋት አለ። ሲኩዌንሺያሉ ይህን መሻገር እናንተን ተክቶ ይሠራል። በአብዛኞቹ ኪቶች ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ የተቆረጠበት ከበሮ አለ፤ ዘንጉን አንዴ በሳባችሁ ቁጥር ከበሮው አንድ እርምጃ ይዞራል፣ በቦዩ ውስጥ የሚሄደው ፒንም የካምቢዮውን መራጭ ወደ ጎንና ወደፊት በተራው ይወስደዋል።

ካምቢዮው ውስጥ ግን የተነካ ነገር የለም። ማርሽ ሲገባ ፍጥነት የሚያስተካክሉት ሲንክሮናይዘሮች፣ ማርሹን የሚገፉት ሹካዎች፣ ጥርሶቹ የነበሩት ናቸው። የእሽቅድምድም መኪና ያለ ፍሪሲዮን ማርሽ የሚቀበለው በሲንክሮናይዘር ፋንታ ሰፋፊ የመያዣ ጥርሶች ስላሉት ነው። የእናንተ ሲንክሮናይዘር ሁለቱን ፍጥነቶች ለማስተካከል ጊዜ ይፈልጋል፣ ጊዜውን ካላገኘ ይበላል። ስለዚህ ይህን ከገጠማችሁ በኋላም ፍሪሲዮን ሁልጊዜ ይረገጣል። ሻጩ ሌላ ቢላችሁ አትስሙት።

ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ግን ጠባብ ነው። ትራክ ላይ ወይም በተራራ መንገድ በጥድፊያ ስትቀይሩ መስመር አትስቱም፤ ከአምስት ወደ አራት እያሰባችሁ ሁለት ውስጥ መግባት አይኖርም። መኪናውን በየቀኑ ወደ ሥራ፣ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ የምትነዱት ከሆነ ግን እንዳትገጥሙት እመክራለሁ። ከአራት በቀጥታ ወደ ሁለት መውረድ የለመደ እጅ በየመብራቱ ሦስትን እየረገጠ ማለፍ ይሰለቸዋል።

መጀመሪያ ካምቢዮውን

ኪቱን ከማዘዛችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። የታመመ ካምቢዮ ላይ የተገጠመ ሲኩዌንሺያል በሽታውን ይደብቃል እንጂ አያድነውም፤ እጃችሁ ቀድሞ የሚሰማው እንቢታ በአዲሱ መቀየሪያ ውስጥ ይጠፋል።

ሞተሩና ካምቢዮው ሳይሞቁ ነድታችሁ ሁለተኛ ማርሽ ላይ አተኩሩ። ትንሽ መክበድ በቅዝቃዜ ጊዜ ያለ ነው። ከሞቀ በኋላም የሚንጫጫ ወይም የሚያንቅ ከሆነ ግን ሲንክሮናይዘሩ አልቋል። ሦስተኛና አራተኛ ላይ ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ ማርሹ በራሱ ወደ ፎሌ የሚወጣ ከሆነ ካምቢዮው መከፈት አለበት፤ ኪቱ ይቆይ።

ካለፈ ዘይቱን ቀይሩ። ባለ አምስቱ ካምቢዮ 2 ሊትር 75ደብልዩ-90 ይይዛል። ዕቃው ላይ ጂኤል-4 የሚል የዘይት ደረጃ ፈልጉ፤ ሲንክሮናይዘሮቹ ናስ ስላለባቸው ለእነሱ የሚስማማው እሱ ነው። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚፈታው የመሙያው ቡሽ ነው። የማፍሰሻውን ከፍታችሁ ዘይቱን ካወረዳችሁ በኋላ የመሙያው አልፈታም ካለ መኪናው እዚያው ቆሞ ይቀራል። የወረደውን ዘይት በነጭ ዕቃ ላይ ብርሃን አብሩበት። ወርቃማ ደቃቅ ብናኝ የሲንክሮናይዘር ነው፤ ጥቂት ከሆነ አያስደነግጥም። ማግኔት የሚይዘው፣ በጣት የሚዳሰስ የብረት ስባሪ ካለ ግን ካምቢዮውን የሚያውቅ ሰው ይየው።

መሣሪያና ዝግጅት

10 እና 12 ቁልፍ ከነቡሶላው፣ ረጅም የቡሶላ ማስረዘሚያ፣ ጠፍጣፋና የመስቀል ካቻቢቴ፣ የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ፣ ትልቅ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከቀጭን ቱቦ ጋር፣ ክሪክና አራት ካቫሌቶ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የጎማ መወጠሪያ እንጨት። በክሪክ ብቻ የተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ።

ኪቱ ለትክክለኛው ካምቢዮ መሆኑን እንደገና አረጋግጡ። በሁለተኛው ትውልድ ላይ ባለ ስድስት ማርሽም አለ፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ከጃፓን የመጣ ኪት የቀኝ መሪ መኪና ታስቦ ቢሠራም የማርሾቹ አደራደር ለግራ መሪም ያው ነው። የሚለየው ዘንጉ ወደ ሾፌሩ እንዲያጋድል ተደርጎ ከተሠራ ብቻ ነው፤ ያንን ሻጩን ጠይቁ።

መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጎማዎቹን ወጥሩ፣ ማርሹን ፎሌ አድርጉ። ባትሪው በኋላ ሻንጣ ውስጥ በቀኝ በኩል ነው፤ ነጌቲቩን ንቀሉ።

የድሮውን ማውጣት

የዘንጉን ራስ ወደ ግራ እያዞራችሁ ንቀሉ። ከዚያ የመሃል ኮንሶሉን የያዙትን ካቻቢቴ ብሎኖች በጎኑና በውስጡ ፈልጋችሁ ፍቱ፤ እንደ ዓመቱ ቦታቸው ይለያያል። ኮንሶሉን ስታነሡ በኃይል አትሳቡ፤ የመስኮት ማብሪያዎቹ ሽቦ ከሥሩ ስላለ መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ።

ከሥሩ ትልቁ የጎማ ሽፋን ይታያል፤ በአራት ባለ 10 ብሎን ተይዟል። እሱ ሲነሣ ሁለተኛ፣ ትንሽ ጎማ ዘንጉን አቅፎ ታገኛላችሁ። በእነዚህ መኪኖች ዕድሜ ትንሿ ጎማ ሳትቀደድ መገኘቷ ብርቅ ነው። ከተቀደደች ከታች የሚመጣው ሙቀትና የዘይት ሽታ መኪናው ውስጥ ይገባል፤ አሁኑኑ አዲስ እዘዙ።

ዘንጉን የያዙት ሦስት ባለ 12 ብሎኖች ናቸው። ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን በብሩሽና በጨርቅ አጽዱ፤ እዚያ የተከማቸው አሸዋ ቀዳዳው ውስጥ ከወደቀ መውጫው ከባድ ነው። ፈትታችሁ ዘንጉን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ጫፉን ተመልከቱ፦ ኳስ መሳይ ጫፍ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ቦኮላ (ጫፉን የሚያለብስ ቀለበት) መኖር አለበት። ከሌለ መቀመጫው ውስጥ ቀርቷል፤ በፒንሳ አውጡት። ብዙ ጊዜ ተሰንጥቆ ወይም አንድ ጎኑ ተበልቶ ነው የሚገኘው። የድሮው ማርሽ ሰፋ ብሎ የሚላወስ ከነበረ ምክንያቱን በእጃችሁ ይዛችኋል።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ብዙ ሰው ማርሹ ልል ሆኖበት ነው ኪት የሚያስበው። አዲስ ቦኮላ፣ አዲስ ትንሽ ጎማና ንጹሕ ዘይት አስገብታችሁ የድሮውን ዘንግ መልሳችሁ ሳምንት ብትነዱት፣ ገንዘባችሁን ለሌላ ነገር ልታውሉት ትችላላችሁ። ይህ መኪና በማርሹ ጥራት የተወደደው በዚህ በድሮው ዘንግ ነው።

የዘንጉ መቀመጫ ከካምቢዮው የተለየ የራሱ ዘይት አለው። ካምቢዮውን ስታፈሱ ይህ አይወርድም፤ መኪናው ከተሠራ ጀምሮ ያልተቀየረ ሊሆን ይችላል። በሲሪንጁ ምጠጡት። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ድኝ ድኝ የሚል ሆኖ ይወጣል። ጉድጓዱን በጨርቅ እየጠረጋችሁ ከመጨረሻው ጥግ ድረስ አጽዱ፣ ከዚያ 90 ሚሊ ሊትር አካባቢ አዲስ 75ደብልዩ-90 ጨምሩ። ኪቱ የተለየ መጠን ካዘዘ የኪቱ ይቅደም፤ አንዳንዱ ወደ ታች የሚወርድ ክፍል ስላለው ዘይቱን ገፍቶ ያፈሳል።

አዲሱን ማስቀመጥ

መጀመሪያ ያለ ሲልኮን፣ በደረቁ ሞክሩት። የካምቢዮውን ፊት ከድሮው ማሸጊያ ቅሪት አጽዱ፤ አልሙኒየም ስለሆነ በብረት አትፋቁት፣ የፕላስቲክ መፋቂያ ይበቃል። አዲሱን ቦኮላ በግራሶ ቀብታችሁ ጫፉ ላይ አጥልቁ።

ካምቢዮው ፎሌ ላይ ነው፤ የመቀየሪያው ከበሮም ፎሌ ላይ መሆን አለበት። ፋብሪካዎቹ ለዚህ ምልክት ወይም መቆለፊያ ፒን ያደርጋሉ። ሁለቱ ሳይገጣጠሙ ከታሰሩ ከበሮው ሁለት ነው የሚለው ጊዜ ካምቢዮው ሌላ ቦታ ይሆናል። ጫፉን ወደ መቀመጫው አውርዳችሁ ክፍሉ በራሱ ክብደት ጠፍጣፋ ሆኖ መቀመጡን እዩ። በብሎን ስቦ ማስቀመጥ አይፈቀድም፤ ካልተቀመጠ አንድ ነገር ተደግፏል ማለት ነው።

ደረቁ ሙከራ ከተሳካ አንሡት፣ ኪቱ ካዘዘ ጋርኒሲዮን ወይም ቀጭን የሲልኮን መስመር አድርጉ፣ መልሱት። ሦስቱን ብሎኖች መጀመሪያ በጣት ብቻ እስከመጨረሻው አስገቡ። ከዚያ ተራ በተራ፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አጥብቁ። ቁጥሩን ከኪቱ ወረቀት ውሰዱ። ብሎኑ የሚገባበት የካምቢዮው ቀዳዳ ጥርስ አልሙኒየም ነው፤ በክንድ ስሜት ያጠበቀ ሰው ጥርሱን ነቅሎ ካምቢዮ ሊያወርድ ይችላል።

ማስተካከል

ማሰር አጭር ሥራ ነው። የቀኑን አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ክፍል ተዉ።

ሁለት ማስተካከያ አለ፦ የጎን እና የፊትና ኋላ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ ከአንድ እስከ አምስት ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ውረዱ። አንዱ ማርሽ አልገባም ካለ አትግፉ፤ መኪናው ቆሞ ጥርሶቹ ፊት ለፊት ተገናኝተው ሊሆን ይችላል። ጎማውን ትንሽ አዙራችሁ ድገሙት።

የት እንደሚከብድ ጻፉ፤ ቦታው ራሱ ይናገራል። አንድና ሁለት፣ ሦስትና አራት ለስላሳ ሆነው አምስት ላይ ብቻ የሚያንቅ ከሆነ መራጩ ወደ ቀኝ በበቂ አልሄደም። አንድና ሁለት ላይ ከሆነ ችግሩ ወደ ግራ ነው። ከሁለት ወደ ሦስትና ከአራት ወደ አምስት ብቻ፣ ማለትም በመሻገሪያዎቹ ላይ ብቻ የሚይዝ ከሆነ የመሃል መስመሩ ተዛብቷል። የጎን ማስተካከያውን በትንሽ በትንሹ እያዞራችሁ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሁሉንም ማርሽ እንደገና ሞክሩ።

የፊትና ኋላው ማስተካከያ ማቆሚያ ብሎን ነው፤ ኪታችሁ ካለው። ዓላማው ዘንጉ ማርሹ ሙሉ በሙሉ ከገባ በኋላ ወዲያው እንዲቆም ነው። ማቆሚያው ቀድሞ ከያዘ ማርሹ በግማሽ ገብቶ ይቀርና በጉልበት ጊዜ ይወጣል። በጣም ከራቀ ደግሞ የእጃችሁ ኃይል ሁሉ በሹካው ላይ ያርፋል፤ ሹካ ይጎብጣል። አሠራሩ ይኸው፦ ማቆሚያውን ወደኋላ መልሱ፣ ዘንጉን ማርሹ ጥግ እስኪነካ ሳቡ፣ ማቆሚያውን እስኪነካ አምጡ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ያህል መልሳችሁ በዳዶው ቆልፉ። ለሁለቱም አቅጣጫ ይህንኑ ድገሙ።

ማርሹ የትኛው እንደሆነ በቁጥር ማረጋገጥ

ዘንጉ ተንቀሳቀሰ ማለት የታሰበው ማርሽ ገባ ማለት አይደለም። ይህን ፈተና ሳታልፉ ሞተር አታስነሡ።

መኪናውን በአራት ካቫሌቶ ላይ አሳርፉ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፣ አራቱን ካንዴላዎች አውጡ። ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻል በሚሄደው ዘንግ ላይ በጠመኔ መስመር አስምሩ። ፍሪሲዮን አይረገጥም። አንድ ሰው ከፊት ሆኖ ሞተሩን በክራንኩ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሊ ብሎን በሰዓት አቅጣጫ በእጅ ያዙር፤ ሌላው ከጎን ሆኖ የጠመኔውን መስመር ይመልከት። መስመሩ አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ክራንኩ ስንት ዞረ? የዚህ ካምቢዮ ጥምርታዎች አንደኛ 3.136፣ ሁለተኛ 1.888፣ ሦስተኛ 1.330፣ አራተኛ 1.000፣ አምስተኛ 0.814 ናቸው። ስለዚህ በአንደኛ ከሦስት ዙር ትንሽ ያልፋል፤ በሁለተኛ ሁለት ዙር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ በሦስተኛ አንድ ዙርና ሲሶ፤ በአራተኛ እኩል በእኩል፤ በአምስተኛ ደግሞ ክራንኩ ዙሩን ሳይጨርስ መስመሩ ይቀድመዋል። አራተኛው ላይ ሁለቱ አብረው ሲዞሩ ማየት ደስ ይላል፤ ሁሉም ነገር በቦታው እንዳለ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

የኋላ ማርሽ ላይ መስመሩ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል። ባትሪውን መልሳችሁ ቁልፉን ስታበሩም የኋላ ማርሽ መብራቱ መብራት አለበት፤ የመብራቱ ማብሪያ ካምቢዮው ላይ ስለሆነ መቀየሪያው የሚያታልለው ነገር የለም። ዋናው ፈተና ግን ሌላ ነው። የኋላ ማርሹን መቆለፊያ ሳትነኩ ዘንጉን ወደ ታች ደጋግማችሁ በኃይል አውርዱ። የኋላ ማርሽ ሆን ተብሎ መቆለፊያው ካልተነሣ በምንም መንገድ መግባት የለበትም። አንዴ እንኳ ከገባ መቆለፊያው እስኪስተካከል መኪናው ከካቫሌቶ አይወርድም።

ኮንሶሉና ሽፋኑ

አዲሱ ክፍል ከድሮው ስለሚገዝፍ ኮንሶሉ ይቆረጣል። በወፍራም ወረቀት ቅርጹን አውጡ፣ ዘንጉን በሁሉም ማርሽ አንቀሳቅሱ፣ ከምንም ጋር እንደማይነካካ ካያችሁ በኋላ ብቻ ቁረጡ። ተመሳሳይ ያገለገለ ኮንሶል ገዝታችሁ እሱን ብትቆርጡ የተሻለ ነው።

የጎማ ሽፋኑን ለውበት የተሠራ አድርጋችሁ አትዩት። ከሥሩ የጭስ መውጫ ቱቦ ያልፋል፤ ክፍተት ካለ የተቃጠለ ጋዝ መኪናው ውስጥ ይገባል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም። የድሮው ሽፋን ካልገጠመ ከኪቱ ጋር የሚመጣውን ዙሪያውን አሽጋችሁ እሰሩ። የማርሽ ቁጥር የሚያሳይ መብራት ካለው ሽቦውን ከጭስ ቱቦው አርቃችሁ አሳልፉ፣ በፊውዝ አገናኙ። ይህ መብራት ያስፈልጋል፤ ዘንጉ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ስለሚቆም ስንት ላይ እንዳላችሁ በእጅ አታውቁም።

የመጀመሪያው ጉዞ

ሰውና መኪና የሌለበት ሜዳ ፈልጉ። አንደኛን አስገብታችሁ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ዘንጉን ስትስቡ ጀርክ አታድርጉት፤ አንድ ወጥ እንቅስቃሴ ሁኖ እስከ ማቆሚያው ይሂድ። በግማሽ መንገድ ከተመለሰ ከበሮው በሁለት ማርሽ መካከል ሊቀር ይችላል።

ወደ ማቆም ስትሄዱ መኪናው ገና እየተንከባለለ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ አንድ በአንድ አውርዱ። በአራተኛ ቆማችሁ ወደ አንደኛ ለመውረድ ብትሞክሩ መሃል ላይ እንቢ ሊል ይችላል፤ ፍሪሲዮኑን ለቅጽበት ትንሽ ለቃችሁ መልሳችሁ ረግጣችሁ ድገሙት።

ሲኩዌንሺያል መስመር ከመሳት ያድናል፤ ቀድሞ ከማውረድ ግን አያድንም። በሦስተኛ በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ ሳላችሁ ወደ ሁለተኛ ብታወርዱና ፍሪሲዮኑን ብትለቁ ሞተሩ ወደ 8,500 ዙር ይወረወራል፤ የዚህ ሞተር ቀይ መስመር 7,000 አካባቢ ነው። ከሦስት ወደ ሁለት ለመውረድ ከ4,900 በታች መሆን አለባችሁ። ከሁለት ወደ አንድ ደግሞ ከ4,200 በታች። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጽፋችሁ ለጥቂት ሳምንታት ሰሌዳው አጠገብ ለጥፏቸው።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ኮንሶሉን አንሥታችሁ ሦስቱን ብሎኖች በመለኪያው ቁልፍ ፈትሹ፣ በክፍሉ ዙሪያ የዘይት ላብ መኖሩን እዩ፣ የማቆሚያ ዳዶዎቹ መላላታቸውን በእጅ ነካ ነካ አድርጉ። የድሮውን ዘንግ ከነቦኮላው፣ ከነብሎኖቹና ካልተቆረጠው ኮንሶል ጋር በአንድ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡ፤ መኪናውን የሚገዛው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው እሱን ነው።